ቬሮን ቤቱ ሲገባ

የማንችስተር ዩናይትድ ደጋፊ ሁዋን ሴባስቲያን ቬሮን ሲባል መጀመሪያ ትዝ የሚለው ገንዘቡ ነው። እ.ኤ.አ በ2001 ከላዚዮ ሲመጣ 28.1 ሚሊዮን ፓውንድ ወጥቶበታል። በጊዜው የእንግሊዝ ሪከርድ! ከሁለት ዓመት በኋላ በ15 ሚሊዮን ለቼልሲ ተሸጠ፤ እዚያም አልሆነለትም። በኢንተር ሚላን በውሰት ሁለት ዓመት ቆየና በ2006 ጓዙን ጠቅልሎ ወደ አርጀንቲና፣ ወደ አሳዳጊ ክለቡ ኤስቱዲያንቴስ ተመለሰ። ከሀገሩ ከወጣ አሥር ዓመት ሆኖት ነበር።

ብዙ ኮከቦች ወደ ሀገር ቤት የሚመለሱት ጡረታ ለመውጣት ነው። ቬሮን ግን ቤት ውስጥ ዕዳ ነበረበት። አባቱ ሁዋን ራሞን በዚሁ ማሊያ ከ1968 እስከ 70 ኮፓ ሊበርታዶሬስን ሦስቴ በተከታታይ በልቷል። ይባስ ብሎ በ1968 በአህጉራት ዋንጫ ኦልድ ትራፎርድ ሄዶ ዩናይትድ ላይ ጎል አግብቷል። ልጅ በተቸገረበት ሜዳ ማለት ነው።

ልጅየው በተመለሰበት ዓመት ታኅሣሥ ላይ ኤስቱዲያንቴስ ቦካን 2ለ1 ረትቶ ከ1983 ወዲህ ያጣውን የሊግ ዋንጫ አገኘ። ትልቁ ግን ቀርቶ ነበር።

ሐምሌ 2009፣ ቤሎ ሆሪዞንቴ፣ የሊበርታዶሬስ ፍጻሜ። የመጀመሪያው ጨዋታ 0ለ0 አልቋል። ክሩዚዬሮ በሜዳው መራ፤ ጋስቶን ፈርናንዴዝ አቻ አደረገ። ከዚያ የ34 ዓመቱ አምበል ኮርና ሊመታ ሄደ። ኳሷን አሻማት፣ ቦሴሊ በግንባሩ ገጫት፣ 2ለ1!

አባትየው በ1970 ያነሳውን ዋንጫ ልጁ ከ39 ዓመት በኋላ ወደ ላ ፕላታ ይዞት ገባ።