ጨርቅ የሚመስለው ፕላስቲክ

በቦርሳ ኪስ፣ በመኪና መሳቢያ ወይም በልጆች የደብተር ቦርሳ ውስጥ ተጨማዶ የቀረ ማስክ የሌለበት ቤት ጥቂት ነው። አንድ ቀን ጥለነው እንረሳዋለን። ማስኩ ግን አይጠፋም።

በሐምሌ 2012 ዓ.ም. በእንግሊዟ ቼልምስፎርድ ከተማ አንድ የባሕር ወፍ ሁለት እግሮቹ በማስክ ላስቲክ ተተብትበው ተገኘ። ላስቲኩ ከመጥበቁ የተነሳ መገጣጠሚያዎቹ አብጠው ነበር። ደግነቱ የእንስሳት ደህንነት ሠራተኞች ደርሰው ቆረጡለት። ከሁለት ወር በኋላ በብራዚል ባሕር ዳርቻ ሞቶ የተገኘው ፔንግዊን ግን ዕድል አልነበረውም፤ ሆዱ ሲከፈት ውስጡ ማስክ ተገኘ።

በዓይን የማይታይ ጉዳትም አለ። ማስክ ሲዳሰስ እንደ ጨርቅ ቢለሰልስም፣ በአብዛኛው የሚሠራው ፖሊፕሮፒሊን ከሚባል ፕላስቲክ ነው። ፀሐይ ሲያገኘው፣ ውሃና አሸዋ ሲፈትገው እየተበጣጠሰ ማይክሮፕላስቲክ ይሆናል። የጣሊያኑ ሚላኖ ቢኮካ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ2021 ባወጡት ጥናት፣ አንድ ማስክ ባሕር ውስጥ በቀን እስከ 173 ሺህ ጥቃቅን ክሮች ሊለቅ እንደሚችል ገምተዋል። ዓሣዎችና ሌሎች የውሃ እንስሳት እነዚህን ክሮች ከምግባቸው ጋር ይውጧቸዋል።

ማስክ አታድርጉ ማለታችን አይደለም፤ ለታማሚም ለአስታማሚም ያስፈልጋል። መንገድ ዳር የተጣለውን ግን የክረምት ጎርፍ ወደ ቦይ፣ ከዚያም ወደ ወንዝ ይወስደዋል። ስለዚህ ከመጣላችሁ በፊት ሁለቱን ላስቲኮች በመቀስ ቁረጡ፤ ማስኩንም ክዳን ያለው የቆሻሻ መጣያ ውስጥ ክተቱ። ከአንድ ደቂቃ በላይ አይፈጅም።