ከ«ሻፍት በአፍሪካ» እስከ «ቀይ ቅጠሎች»፦ ደበበ እሸቱ በባዕድ ካሜራ ፊት



ስለ ቀደምት የፊልም ተዋንያን ስንነጋገር ከጋዝጊብላ የመጣ አንድ ተማሪ «በባዕድ ፊልም የተጫወተ ኢትዮጵያዊ በየትኛው አገር የሲኒማ ታሪክ ይቆጠራል?» ሲል ጠይቆኝ ነበር። ያን ዕለት አጥጋቢ መልስ አልሰጠሁትም። ዛሬ በአርቲስት ደበበ እሸቱ የሙያ ሕይወት በኩል ልመለስበት።

ፊልም ወደ አገራችን የገባው በዳግማዊ ምኒልክ ዘመን ነው፤ የመጀመሪያውን ማሳያ ቤት ሕዝቡ «የሰይጣን ቤት» ይለው ነበር። ፊልም ማየትና ፊልም መሥራት ግን እጅግ ተራራቁ፤ «ሂሩት አባቷ ማነው?» የተሠራው በ1957 ዓ.ም. ነው። ስለዚህ የዚያ ትውልድ ተዋናይ ሙያውን የሚያዳብረው በመድረክ ነበር። ደበበም ቡዳፔስት ድረስ ሄደው የተማሩት ቴአትር ነው። ጸጋዬ ገብረ መድኅን ሼክስፒርን ወደ አማርኛ የመለሱበት ዘመን መሆኑንም ያዙልኝ፤ እመለስበታለሁ።

«ሻፍት በአፍሪካ» በ1965 ዓ.ም. ለእይታ በቃ። ጆን ጊለርሚን ያዘጋጁት፣ ሪቻርድ ራውንድትሪ በመሪነት የተወኑበት ይህ የሆሊውድ ፊልም በከፊል የተቀረጸው በኢትዮጵያ ነው። ታሪኩ አፍሪካውያን ወጣቶችን ወደ አውሮፓ እያጋዘ በባርነት የሚያሠራ ቡድንን ይመለከታል። ደበበ ዋሳ የተባለውን ገጸ ባሕርይ ተጫወቱ። በእንዲህ ዓይነት ፊልም አገሩ አብዛኛውን ጊዜ ጀርባ ሥዕል ነው፤ ስምና ንግግር ያለው ሚና ለአገሬው ተዋናይ መድረሱ በራሱ ቀላል አልነበረም። ካሜራው የሚከተለው ግን እንግዳውን ነው።

በመካከሉ ብዙ አለ፤ ከ1997ቱ ምርጫ በኋላ ከቅንጅት አመራሮች ጋር መታሰራቸው ጭምር። እኔ ግን ወደ ሌላው ጫፍ ልሻገር።

ከ41 ዓመታት በኋላ፣ እ.ኤ.አ. በ2014፣ ቤተ እስራኤላዊው ባዚ ጌቴ «ቀይ ቅጠሎች» የተሰኘውን ፊልም አቀረበ። ደበበ መሥገንዮ የተባሉትን አዛውንት ሆኑ፦ ሚስታቸው ሞታባቸው፣ ቤታቸውን ሸጠው፣ በልጆቻቸው ቤት ተራ በተራ ሊኖሩ የሚነሡ፤ በየቤቱም ሥርዓታቸው ሰሚ የሚያጣባቸው አባት። መነሻው የሼክስፒር «ንጉሥ ሊር» ነው። አሁን ካሜራው ከእርሳቸው አይርቅም፤ አማርኛውም ከዕብራይስጡ ጎን የፊልሙ ቋንቋ ሆኗል።

ለተማሪዬ መልሴ ይህ ነው፦ ፊልሙ የእስራኤል፣ ትወናው ግን የአዲስ አበባ መድረክ ነው። የማይስማማ ሁለቱን ፊልሞች አከታትሎ ይመልከትና ይሞግተኝ።