ፍሪጅና ባልትና በየካ አባዶ

በአዲስ አበባ ሰሜን ምሥራቅ ዳርቻ በተንጣለለው የየካ አባዶ የጋራ መኖሪያ መንደር ዕጣ ወጥቶለት የገባ ቤተሰብ፣ ከአልጋውና ከምጣዱ ቀጥሎ ብር አጠራቅሞ የሚገዛው ትልቅ ዕቃ ፍሪጅ ነው። ይህን ዕቃ ሲገዙ ብዙዎች የሚመለከቱት የበሩን ማማርና የሊትሩን ብዛት ነው፤ ነገር ግን ለቤተሰቧ ዕለት ዕለት ወጥ የምትሠራ ባለሙያ አስቀድማ ልትመረምረው የሚገባት በቤቷ ምን እንደሚበስል፣ በየትኞቹ ወራት እንደሚበስልና ወጥ ቤቷ በሌሊት ምን ያህል እንደሚቀዘቅዝ ነው።

ከሁሉ አስቀድሞ የአጽዋማትና የበዓላት ሥርዐት ይታሰብ። ረቡዕንና ዓርብን፣ 55 ቀን የሚፈጀውን ዐቢይ ጾም፣ ጾመ ነቢያትን፣ ጾመ ሐዋርያትንና የ15 ቀኑን ፍልሰታ ጠብቆ የሚኖር የኦርቶዶክስ ተዋሕዶ ምእመን ከዓመቱ ቀናት እኩሌታ የሚያህለውን ከሥጋና ከወተት ርቆ ስለሚያሳልፍ፣ በእነዚያ ሳምንታት ፍሪጁ የጎመን፣ የቃሪያና የቲማቲም ማደሪያ ይሆናል፤ ትንሣኤ በሆነ ማግሥት ግን ጎረቤት ተሰብስቦ የጣለው የቅርጫ በሬ መደብ በአንድ ረፋድ ይመጣና፣ ያው ባዶውን የከረመ ፍሪዘር ብዙ ኪሎ ትኩስ ሥጋ በረዶ እንዲያደርግ ይጠየቃል። በዒድ አል አድሐ ኡድሒያ የሚያርደው ሙስሊም ቤተሰብም የሚገጥመው ይኸው ነው። ስለዚህ በፍሪዘሩ በር ላይ የታተሙት ኮከቦች ይቈጠሩ። አንድ ኮከብ ከዜሮ በታች 6፣ ሁለት ኮከብ ከዜሮ በታች 12፣ ሦስት ኮከብ ከዜሮ በታች 18 ዲግሪ ማለት ሲሆን፣ ትኩስ ሥጋን ተቀብሎ በረዶ ሊያደርግ የተሠራው ግን ከሦስቱ ኮከቦች አጠገብ ተለቅ ያለ አራተኛ ኮከብ ያለበት ነው። ባለሦስት ኮከቡ አስቀድሞ በረዶ የሆነውን ይጠብቃል እንጂ የፋሲካን መደብ ለመሸከም አልተሰናዳም። ባለአራት ኮከቡም ቢሆን ሥጋው በአንድ ፌስታል ታጭቆ ቢገባበት መካከሉ ሳይበርድ ስለሚያድር፣ ለአንድ ወጥ የሚበቃውን እየመተሩ፣ በስሱ እያነጠፉ መደርደር ይገባል።

ቀጥሎ የሚመጣው ሻጭም ገዢም ብዙ ጊዜ ሳያነበው የሚያልፈው ፊደል ነው። በፍሪጁ የውስጥ ጎን ወይም በጀርባው በተለጠፈው ወረቀት ላይ ዕቃው የተሠራለትን የክፍል ሙቀት የሚያመለክት ምልክት ይገኛል፤ «ኤስ ኤን» ከ10 እስከ 32፣ «ኤን» ከ16 እስከ 32፣ «ኤስ ቲ» ከ16 እስከ 38፣ «ቲ» ደግሞ ከ16 እስከ 43 ዲግሪ ማለት ነው። ከባሕር ወለል ከ2,300 ሜትር በላይ ከፍ ባለችው በዚህች ከተማ፣ በተለይም ከእንጦጦና ከየካ ተራሮች ነፋስ በሚወርድባት በየካ አባዶ፣ የኅዳርና የታኅሣሥ ሌሊት ከ10 ዲግሪ በታች ይወርዳልና በረንዳ ላይ ወይም መስኮቱ በማይገጥም ወጥ ቤት የቆመ ፍሪጅ ይህን ብርድ ሙሉውን ይቀበላል። አንድ ቴርሞስታት ብቻ ያለው ባለሁለት በር ፍሪጅ የታችኛው ክፍሉ በውጭው ብርድ ስለሚረካ ሞተሩን ሳያስነሣ ይቈያል፤ በዚያም ሳቢያ ፍሪዘሩ እየላላ ሥጋው ይለሰልሳል፤ ባለቤቱም ጋዙ አልቋል ብሎ ጠጋኝ ይጠራል። ለድሬዳዋና ለመተማ ሐሩር የሚስማማው «ቲ» ለዚህ ብርድ ተመራጭ አይደለም፤ «ኤስ ኤን» የሚል፣ ወይም ከ«ኤስ ኤን» እስከ «ቲ» አጣምሮ የያዘ ከተገኘ እርሱ ይወሰድ።

የመብራቱም ነገር አለ። በአንድ ሕንፃ ብዙ ምጣድ በአንድነት ሲጣድ፣ እያንዳንዱ ከ3 ኪሎ ዋት በላይ የሚስብ በመሆኑ፣ 220 መሆን የሚገባው ቮልት ዝቅ ይልና ኮምፕሬሰሩ በደካማ ኃይል ለመነሣት ሲታገል ይግላል፤ መብራት ጠፍቶ ሲመለስ ደግሞ ኃይሉ በርትቶ ሊመጣና ሊያቃጥለው ይችላል። ስለዚህ መብራት ከተመለሰ በኋላ ጥቂት ደቂቃ ቈይቶ የሚለቅ ስታቢላይዘር ዋጋው ከፍሪጁ ጋር አብሮ ይታሰብ። በሩ ካልተከፈተ የታችኛው ክፍል እስከ 4 ሰዓት፣ የሞላ ፍሪዘር እስከ 48 ሰዓት፣ እኩሌታው የሞላ እስከ 24 ሰዓት ያህል ቅዝቃዜውን ይይዛል፤ በጾም ወራት ባዶ የሚቀረውን ፍሪዘር ጥቂት በጎደሉ የውኃ ጠርሙሶች መሙላት የሚጠቅመው ለዚህ ነው።

ኖ ፍሮስት የሚባለው ብርዱን በማራገቢያ ስለሚነዛ በረዶ አይጋግርም፤ ይህም ለባለቤቲቱ ታላቅ ዕረፍት ነው፤ ነገር ግን ያው ደረቅ ነፋስ ያልተሸፈነውን እንጀራ ከጠርዙ ያደርቀዋል፣ የአዋዜውንም ሽታ ወደ ቅቤው ያደርሳል። እንጀራ በየትኛውም ፍሪጅ ሻጋታው ቢዘገይለት ድርቀቱ አይቀርለትምና፣ ለብዙ ቀን የሚቀመጠው ታጥፎና በፌስታል ታሽጎ ወደ ፍሪዘር ቢገባ ይሻለዋል። ከሁሉ ይልቅ የባለሙያን ድካም የሚያቀልለው ግን የቁሌት ስንቅ ነው። ቅዳሜ ቀን ቀይ ሽንኩርቱ ውኃው እስኪመጠጥ ተቁላልቶ፣ ዘይትና በርበሬው ገብቶ፣ ጠብ በሚል ውኃ እየተገታ ቀስ ብሎ ከበሰለ በኋላ፣ በርዶ በየአንድ ወጡ ልክ ተከፍሎ በፍሪዘር ቢቀመጥ፣ ከሥራ አምሽቶ የገባ ሰው በጾም ምስር፣ በፍሥክ ሥጋና ቅቤ ጨምሮበት ሳይመሽበት ራቱን ያቀርባል። ስለዚህ በዋጋ እኩል ከሆኑ ሁለት ፍሪጆች እኔ ያለ ማመንታት የምመርጠው ፍሪዘሩ ሰፊ የሆነውን ነው።

ገንዘቡ ከመከፈሉ በፊት በበሩ ጎማ መካከል ወረቀት አስገብቶ፣ በሩን ዘግቶ ወረቀቱን መሳብ ነው፤ ሳይዘው በቀላሉ ከወጣ ጎማው አይገጥምም። የደረጃው ማጠፊያና የወጥ ቤቱ በርም አስቀድመው ይለኩ፤ ሊፍት በሌለው ሕንፃ ጫኝና አውራጆች ፍሪጁን በማጠፊያው ላይ ማጋደማቸው ስለማይቀር፣ የኮምፕሬሰሩ ዘይት ወደ ቧንቧዎቹ ይፈስሳልና፣ ከምጣዱ ርቆ፣ ከግድግዳውም እስከ 10 ሳንቲ ሜትር ፈቀቅ ብሎ፣ ሳይሰካ ቀጥ ብሎ ይደር።