ጥቃቅን ንግድና የእጅ ሥራ በቢቸናና በሞጣ

በምሥራቅ ጎጃም ወጣቱ ሥራ ፍለጋ ወደ ከተማ የሚወጣው ከሁሉ አስቀድሞ መሬት ስለሌለው ነው። በአማራ ክልል የእርሻ መሬት በሰፊው የተደለደለው በ1989 ዓ.ም. ሲሆን፥ ከዚያ ወዲህ ለአካለ መጠን የደረሰው አብዛኛው ሰው ከአባቱ ማሳ ላይ ከሚቈረስለት በቀር የሚጠብቀው እምብዛም የለም። ስለዚህ ቢቸናና ሞጣ ምን ዐይነት ሥራ እንደሚሰጡት መመርመር ይገባናል።

በ2003 ዓ.ም. የወጣው የመንግሥት ስትራተጂ «ጥቃቅን» የሚለው ባለቤቱንና ቤተ ሰቡን ጨምሮ እስከ 5 ሰው የሚሠራበትን፥ ጠቅላላ ሀብቱም በኢንዱስትሪ ከ100,000፥ በአገልግሎት ከ50,000 ብር የማይበልጠውን ድርጅት ነው። ትርጓሜው ለመዝገብ ያመቻል፤ ነገር ግን ሥራን በዚህ ብቻ ብንለካ እንሳሳታለን።

አረቄ የምታወጣውን ሴት እንውሰድ። በመዝገብ ብትገባ (ብዙዎቹ አይገቡም) አንድ ሠራተኛ ተብላ ትቈጠራለች። ሆኖም ጌሾ የሚያመጣላት ገበሬ፥ ብቅል የምትሸጥላት ጎረቤት፥ ጋኗንና ማሰሮዋን የምትሠራው ሸክላ ሠሪ፥ ይልቁንም ለማውጫው እሳት ማገዶ ተሸክማ የምትመጣው ሴት በከፊል የሚተዳደሩት በእርሷ ጓዳ ነው።

ቢሆንም ነገሩን ከልክ በላይ ማሞገስ አይገባም። የአንድ ሰፈር ሴቶች ሁሉ አረቄ ሲያወጡ የሚሻሙት ያንኑ ጠጪ ነው፤ አዲስ ሥራ ተፈጠረ ከማለት አንዱ እንጀራ ለብዙ ተቈረሰ ማለት ይቀላል። ገዢው ገበሬ በመሆኑም ገንዘብ የሚገኘው ጤፉ ተወቅቶ በሚሸጥበት ወራት ነው። በጥር ሠርግ ልብስ ሰፊው እንቅልፍ ያጣል፤ በዐቢይ ጾም ሥጋ ቤቱ ይዘጋል፤ በክረምት ጭቃውና የእህሉ ማለቅ ገበያውን ያቀዘቅዙታል። በዓመቱ ስንት ወር እንደሚሠራ ሳይጠይቁ ሰውን «ሥራ ያለው» ብሎ መቍጠር ስለዚህ ያሳስታል።

ስለ ብድር ጥቂት እንበል። በኋላ ፀደይ ባንክ የሆነው የአማራ ብድርና ቁጠባ ተቋም በቡድን ዋስትና ያበድር ነበር። መያዣ ለሌለው ድኻ የጠቀመ ዘዴ ነው፤ ግን የአንዱ ኪሳራ በባልንጀሮቹ ላይ ይወርዳል።

የኑሮው መተሳሰር በግልጥ የሚታየው በክፉ ቀን ነው። ታኅሣሥ 10 ቀን 2012 ዓ.ም. በሞጣ መስጊዶች ሲቃጠሉ የሙስሊም ነጋዴዎች ሱቆችም ወድመዋል። ሱቅ ሲቃጠል የሚገመተው የባለ ሱቁ ዕቃ ነው። በሱቅ በረንዳ ላይ መኪናውን ተክሎ የሚሰፋው፥ ኩንታል የሚያወርደው ተሸካሚ፥ ጨውና ሳሙና በዱቤ ወስዳ በገጠር ገበያ የምትቸረችረው ሴት ግን በመዝገብ ስለሌሉ ኪሳራቸው አይጻፍም።