በግል የተሠራ ባለሦስት እግር ተሽከርካሪ ለመንገድ የሚፈቀድበት ሥርዓት፦ የብሪታንያ ልምድ

በፋብሪካ የሚመረት ተሽከርካሪ ለገበያ ከመቅረቡ በፊት ናሙናው ተፈትኖ የዓይነት ማረጋገጫ ያገኛል፤ በኋላ የሚወጡት አምሳያዎቹ ሁሉ በዚያው ማረጋገጫ ይሸፈናሉ። አንድ ሰው በግቢው ቱቦላሬ በይዶ፣ ከአሮጌ ሞተር ሳይክል ሞተርና ካምቢዮ ወስዶ የሠራው ባለሦስት እግር ግን አምሳያ የለውም። ስለዚህ በሕግ ፊት ሁለት ጥያቄዎች ይነሡበታል። አንደኛው ለተሳፋሪውና ለእግረኛው አደገኛ አለመሆኑ ነው። ሁለተኛው ደግሞ ማንነቱ ነው፦ አዲስ ነው ወይስ አሮጌ? ሞተር ሳይክል ነው ወይስ መኪና? በመፍቻና በብየዳ የሚፈታው የመጀመሪያው ብቻ ነው።

ብሪታንያ በዚህ ረገድ ረጅም ታሪክ አላት። ሞርጋን የተባለው ባለሦስት እግር የመጀመሪያ ናሙናው እ.ኤ.አ. በ1909 ተሠርቶ በ1910 በለንደን የኦሊምፒያ ዐውደ ርእይ ታይቷል። ለዚህ ዓይነቱ ተሽከርካሪ መስፋፋት ቀላል ክብደቱና ከመኪና ያነሰው ግብሩ ድርሻ ነበራቸው። በ2003 የአውሮፓ ሕግ ለባለሁለትና ለባለሦስት እግር ተሽከርካሪዎች የዓይነት ማረጋገጫን ግዴታ ሲያደርግ፣ ለፋብሪካ የተጻፈው ደንብ በግል የሚሠሩትን ፈጽሞ እንዳይዘጋባቸው በታላቋ ብሪታንያ የነጠላ ሞተር ሳይክል ማረጋገጫ የተባለው ምርመራ ተጀመረ። በስሙ ሞተር ሳይክል ይባል እንጂ ባለሦስት እግርንም ያጠቃልላል።

ምደባው የሚጀምረው በመለኪያ ነው። ሦስቱ ጎማዎች በመካከለኛው መስመር ግራና ቀኝ ተመጣጥነው መቀመጥ አለባቸው፤ ሞተሩ ከ50 ሲሲ የሚበልጥ ወይም ፍጥነቱ በሰዓት ከ45 ኪሎ ሜትር የሚያልፍ ከሆነ በሙሉ ባለሦስት እግርነት ይመደባል። በአንድ አክስል ላይ ያሉ ሁለት ጎማዎች መሬት የሚነኩባቸው ነጥቦች ርቀት ከ460 ሚሊ ሜትር ካነሰ ግን ሕጉ ሁለቱን እንደ አንድ ጎማ ይቆጥራቸዋል። ይህች ቁጥር ትንሽ ትመስላለች፤ ሆኖም የጣሊያኑ ፒያጆ ኤምፒ3 የተባለውን ሞተር የፊት ጎማዎች ከ420 ወደ 465 ሚሊ ሜትር አስፍቶ ሌላ ሞዴል ያወጣው በእርሷ ምክንያት ነው።

ሠሪው ብየዳ ከመጀመሩ በፊት ሊያሰላው የሚገባው የመገልበጥ ነገር ነው። የባለአራት እግር መቆሚያ አራት ማዕዘን ሲሆን የባለሦስት እግር ሦስት ማዕዘን ነው፤ የክብደቱ ማዕከል ወደ ብቸኛው ጎማ በቀረበ መጠን የሚደገፍበት ስፋት ይጠባል። ለምሳሌ በጥንዶቹ ጎማዎች መካከል 1.3 ሜትር፣ በፊትና በኋላ አክስሎች መካከል 2 ሜትር ያለው፣ የክብደቱ ማዕከል ከመሬት 0.5 ሜትር ከፍ ያለ ተሽከርካሪ ይወሰድ። ማዕከሉ ከብቸኛው ጎማ 1.4 ሜትር ቢርቅ፣ በዚያ ቦታ ያለው የስፋቱ ግማሽ 0.455 ሜትር ነው፤ ይህ ለ0.5 ሲካፈል 0.91 ይሆናል። እንግዲህ ተሽከርካሪው የሚገለበጠው የኩርባው የጎን ግፊት ከክብደቱ 91 በመቶ ሲደርስ ነው ማለት ነው። ማዕከሉ በአክስሎቹ መካከል እኩል ቦታ ላይ ቢውል ግን ይኸው ቁጥር ወደ 0.65 ይወርዳል። ጥሩ ጎማ በደረቅ አስፋልት ከዚህ የሚበልጥ ግፊት መሸከም ስለሚችል፣ ሁለተኛው ተሽከርካሪ ከመንሸራተቱ በፊት ይገለበጣል።

ብቸኛው ጎማ የት ይሁን የሚለው ምርጫም ከዚሁ ይመነጫል። እንደ ባጃጅ ወይም እ.ኤ.አ. በ1973 እንደወጣው ሪላያንት ሮቢን አንዱ ጎማ ከፊት ሲሆን፣ በኩርባ ላይ ፍሬን መያዝ ክብደቱን ወደ ጠባቡ ጫፍ ይገፋዋል። ጥንዶቹ ከፊት ሲሆኑ ፍሬን ክብደቱን ወደ ሰፊው በኩል ይወስደዋል፤ በዚህ አሠራር ጥንቃቄ የሚሻው ኩርባ ላይ ነዳጅ መስጠት ነው። ከቤት የሚወጡ ንድፎች ብዙዎቹ ጥንዶቹን ከፊት ቢያደርጉ አያስገርምም።

ምርመራው ራሱ አስቀድሞ በተያዘ ቀጠሮ በተወሰኑ ጣቢያዎች ይካሄዳል። ፍሬቻ፣ የፍሬን መብራት፣ ክላክስ፣ ስፖኪዮ፣ የፍጥነት መለኪያ፣ የማርሚታ ድምፅና የጭስ መጠን በየተራ ይታያሉ፤ እግረኛ ሊቆርጥ የሚችል ስለት ያለው ጠርዝም ለውድቀት ምክንያት ይሆናል። ከሁሉ የሚከብደው ፍሬን ነው። የባለሦስት እግር የእግር ፍሬን ሦስቱንም ጎማዎች መያዝ አለበት፤ የእጅ ፍሬኑም በ18 በመቶ ዳገት ላይ ተሽከርካሪውን አቁሞ ማቆየት ይጠበቅበታል። ከሞተር ሳይክል የተወሰደ የፍሬን ሥርዓት የእጅ ፍሬን ስለሌለው፣ ይህ ክፍል ብዙ ጊዜ እንደ አዲስ ይሠራል።

ምርመራውን ያለፈ ተሽከርካሪ የምስክር ወረቀት ይዞ ስዋንዚ ወደሚገኘው ፈቃድ ሰጪ ባለሥልጣን ይሄዳል። በዚህ ደረጃ ደረሰኝና ፎቶግራፍ ከብየዳ ጥራት እኩል ዋጋ አላቸው፤ የእያንዳንዱ ክፍል ምንጭ ይጠየቃልና። ለብዙ ዓመታት በተሠራበት የነጥብ ሥርዓት መሠረት የለጋሹን ሞተር ሳይክል ቁጥር ለማቆየት ቢያንስ 8 ነጥብ ያስፈልግ ነበር። ያልተነካ ሻንሲ 5፣ የፊት ሹካ 2፣ ጎማዎች 2፣ ሞተርና ካምቢዮ አንድ አንድ ነጥብ ያስገኛሉ። አክስል ለመግጠም ሻንሲውን የቆረጠ ሰው አምስቱን ያጣል፤ የቀረው ሁሉ ቢደመር 6 ብቻ ነው። እንዲህ ያለው ተሽከርካሪ «ኪው» በሚል ፊደል የሚጀምር ሰሌዳ ይሰጠዋል፤ ትርጉሙም ዕድሜው ወይም ማንነቱ አልተረጋገጠም ማለት ነው። መንገድ ላይ መሄድ አይከለከልም፤ ኢንሹራንስ ሲፈለግና ሲሸጥ ግን ፊደሏ ትከተለዋለች። ዓመታት የፈጀ ሥራ በአንድ የሻንሲ ቁራጭ ምክንያት አባቱ እንዳልታወቀ ልጅ መቆጠሩ ለሠሪው ከባድ ነው፤ ይሁንና የተሰረቀ ሞተር ተገጣጥሞ በአዲስ ስም እንዳይወጣ መንግሥት ከዚህ የተሻለ መከላከያ ማግኘቱ ያጠራጥራል።

በኢትዮጵያ ጉዳዩን የሚገዛው አዋጅ ቁጥር 681/2002 ርእሱ «የተሽከርካሪ መለያ፣ መመርመሪያና መመዝገቢያ» ሲሆን፣ እነዚህኑ ሥራዎች ይዟል። መለየት ከመመርመርም ከመመዝገብም ቀድሞ መጠቀሱ ልብ ሊባል ይገባል።

በብሪታንያ አንድ ነገር ይቀራል፤ እርሱም መንጃ ፈቃድ ነው። የመኪና ፈቃዱን ከጥር 19 ቀን 2013 እ.ኤ.አ. በፊት ያገኘ ሰው ባለሦስት እግር መንዳት ይችላል። ከዚያ ወዲህ ያወጣ ግን አካል ጉዳተኛ ካልሆነ በቀር የሞተር ሳይክል ፈቃድ ያስፈልገዋል፤ በመሆኑም ምርመራውን አልፎ፣ ሰሌዳ ለጥፎ፣ የገዛ እጁን ሥራ ለሌላ ሰው አስነድቶ ከጎን የሚቀመጥ ሠሪ ሊኖር ይችላል።