በፍጥነት ሜዳ ጉልበት ያስቀደመ ሁለት ጊዜ ይከፍላል

በምዕራብ ጀርመን፣ አይፍል በሚባለው ተራራማ አካባቢ፣ 20.8 ኪሎ ሜትር ርዝመት ያለው ጠመዝማዛ መንገድ አለ። ኑርቡርግሪንግ ከተባለው የመኪና ውድድር ሜዳ አሮጌውና ረጅሙ ክፍል ሲሆን ኖርድሽላይፈ ይባላል። የተከፈተው እ.ኤ.አ በ1927 ነው። ውድድር በማይኖርባቸው የተወሰኑ ቀናት መንጃ ፈቃድና ሕጋዊ ሰሌዳ ያለው መኪና የያዘ ሰው በሩ ላይ ከፍሎ ይገባል። በቅርብ ዓመታት ለአንድ ዙር የሚጠየቀው ዋጋ 30 ዩሮና ከዚያ በላይ ነው።

30 ዩሮ ለብዙዎቹ ከባድ ገንዘብ አይደለም። ወደዚህ ሜዳ፣ ወይም በእንግሊዝ ሲልቨርስቶንን ወደመሳሰሉት ሜዳዎች መኪናቸውን ይዘው የሚሄዱ ሰዎች ዋናውን ገንዘብ የሚያፈሱት በሩ ላይ ሳይሆን ጋራዥ ውስጥ ነው። የቤት መኪናን ለፍጥነት ሜዳ ለማዘጋጀት ጎማው፣ ፍሬኑ፣ ሞላው፣ ወንበሩና ማርሚታው ይለወጣል። በዚህም ዙሪያ የዕቃ አምራቹ፣ የጋራዡ፣ የኢንሹራንሱ፣ የአሠልጣኙና የመኪና አከራዩ ገበያ ቆሟል።

የገበያው አዲስ ደንበኛ የሚሳሳተው ብዙውን ጊዜ በቅደም ተከተሉ ነው። የያዘውን ገንዘብ መጀመሪያ በሞተሩ ጉልበት ላይ ያውለዋል። ሜዳው ግን መጀመሪያ የሚጠይቀው ሌላ ነገር ነው። ስህተቱ ገንዘብ ብቻ ሳይሆን መኪናውን፣ አንዳንዴም ሕይወትን ያስከፍላል።

ዋንጫ የሌለው ቀን

«ትራክ ዴይ» ወይም የትራክ ቀን የሚባለው የሜዳው ባለቤት፣ ወይም ሜዳውን የተከራየ አዘጋጅ፣ ክፍያ ተቀብሎ ግለሰቦች በራሳቸው መኪና እንዲነዱ የሚፈቅድበት ቀን ነው። አሸናፊም ዋንጫም የለም። በእንግሊዝ በተለመደው አሠራር ጠዋት ለአሽከርካሪዎች ሁሉ ማብራሪያ ይሰጣል፤ ሄልሜት ግዴታ ነው፤ መቅደም የሚቻለውም የፊተኛው አይቶ መንገድ ሲለቅ ብቻ ነው። የዙር ሰዓት መያዝ አብዛኛውን ጊዜ ክልክል ነው። በኖርድሽላይፈ የሕዝብ ቀናት ደግሞ የጀርመን የመንገድ ትራፊክ ሕግ እንደ ማንኛውም ጎዳና ይሠራል።

በእንግሊዝ ሜዳዎች ከመግባት በፊት የድምፅ ምርመራ አለ። መለኪያው ከማርሚታው አፍ በግማሽ ሜትር ርቀት፣ በ45 ዲግሪ አቅጣጫ ይቀመጥና ሞተሩ እስከ ከፍተኛው ዙሩ ሦስት አራተኛ ድረስ እንዲጮህ ይደረጋል። ድምፁ ከተፈቀደው ዴሲቤል ካለፈ ባለመኪናው ለቀኑ ከፍሎም ቢሆን አይገባም። የመጀመሪያው ኪሳራ የሚታየው እዚህ ላይ ነው። ብዙ ገንዘብ የወጣበት ማርሚታ ጥቂት የፈረስ ጉልበት ይጨምርና ባለቤቱን ከበር ያስመልሰዋል።

«ፍሬን በጠሰ»

ጭነት በያዘ ፒክአፕ ወይም ሰው በሞላ ሚኒባስ ከጎሐ ጽዮን ወደ ዓባይ ድልድይ የወረደ ሾፌር ነገሩን በደንብ ያውቀዋል። ቁልቁለቱን በከባድ ማርሽ መውረድ ትቶ ፍሬን ላይ ብቻ የቆመ ሰው መጀመሪያ የሸራ ሽታ ይሸተዋል። ቀጥሎ ፔዳሉ ይላላል፤ በመጨረሻም ወለል ይነካል። ሰው ሁሉ «ፍሬን በጠሰ» ይላል። ብዙ ጊዜ ግን የተበጠሰ ነገር የለም። ሸራው ከመጠን በላይ ግሏል፤ የፍሬን ዘይቱም ፈልቷል።

በፍጥነት ሜዳ ላይ የሚደርሰውም ይኸው ነው። ልዩነቱ እዚያ ቁልቁለቱ በሌለበትም መድረሱ ነው። ፍሬን ማለት ፍጥነትን ወደ ሙቀት የሚለውጥ መሣሪያ ነው። 1 ሺህ ኪሎ የሚመዝን መኪና በሰዓት ከ160 ወደ 80 ኪሎ ሜትር ሲወርድ የሚወጣው ሙቀት ከሁለት ሊትር በላይ የቧንቧ ውሃ ለማፍላት ይበቃል። ይህ የሚሆነው በጥቂት ሴኮንዶች ውስጥ ሲሆን፣ በእያንዳንዱ ዙር ደጋግሞ ይመጣል። ፍጥነቱ እጥፍ ሲሆን ደግሞ መኪናውን ለማቆም ፍሬኑ የሚቀበለው ሙቀት አራት እጥፍ ይሆናል።

የፍሬን ዘይት ከአየር ውስጥ እርጥበት የመሳብ ጠባይ አለው። «ዶት 4» በተባለው ደረጃ የሚሸጠው ዘይት አዲስ ሳለ ከ230 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በታች መፍላት የለበትም። እርጥበት ከጠጣ በኋላ ግን ደረጃው የሚጠይቀው 155 ዲግሪ ብቻ ነው። ዘይቱ ሲፈላ እንፋሎት ይፈጥራል፤ እንፋሎት ደግሞ ስለሚጨመቅ የእግሩ ግፊት ሸራው ዘንድ አይደርስም። ለዓመታት ያልተለወጠ ዘይት በከተማ መንገድ ላይ ምንም ሳያሳይ ይቆይና በሜዳው ላይ በአንድ ጊዜ ባለቤቱን ይከዳል።

ስለዚህ በሜዳው የቆዩ ሰዎች የመጀመሪያውን ገንዘብ የሚያወጡት ለአዲስ የፍሬን ዘይት፣ ሙቀት ለሚችል ሸራና ወደ ዲስኩ አየር ለሚያደርስ ቱቦ ነው። ከሞተር ሥራ ጋር ሲተያይ ወጪው ቀላል ነው። ይህም ቢሆን ያለ ዋጋ አይገኝም። ለሜዳ የተሠራ ሸራ ሳይግል አጥብቆ አይዝም፣ ይጮኻል፣ ዲስኩንም ይበላል። በዚያው መኪና ልጆቹን ትምህርት ቤት የሚያደርስ ሰው ሸራ ሲመርጥ ይህን ማሰብ አለበት።

በአንጻሩ ፍሬኑን እንደነበረ ትቶ ጉልበት የጨመረ ሰው ያተረፈው ነገር ቢኖር እዚያው መታጠፊያ ላይ በበለጠ ፍጥነት መድረስ ነው። የጨመረው ጉልበት ለፍሬኑ የተላከ ተጨማሪ ሂሳብ ይሆንበታል።

አንዱ ለውጥ ሌላውን ይጠራል

በትራክ ቀን ከሚዘወተሩት መኪናዎች አንዱ የጃፓኑ ማዝዳ ኤምኤክስ-5 ነው። እ.ኤ.አ በ1989 ለገበያ የቀረበ ባለሁለት ወንበር ሲሆን፣ እስከ 2016 ድረስ ከአንድ ሚሊዮን በላይ ተመርቷል። የመጀመሪያው ሞተር 1.6 ሊትር ነው፤ ጉልበቱም ከ115 ፈረስ ብዙ አይበልጥም። የሚወደደው በጉልበቱ ሳይሆን በቅለቱ ነው። ክብደቱ አንድ ቶን ገደማ በመሆኑ ጎማና ፍሬን ቶሎ አይጨርስም፤ መለዋወጫውም እንደ ልብ ይገኛል። ነጋዴ እንደሚያውቀው ትርፍ የሚሠራው ከሽያጩ ብቻ ሳይሆን ከአነስተኛ ወጪም ነው።

ለመኪና ለሜዳ የተሠራ፣ አስፋልት አጥብቆ የሚይዝ ጎማ ይገዛለታል እንበል። አንድ ዕቃ ተገዛ ማለት ነው። ነገር ግን ጎማው አጥብቆ ስለሚይዝ መኪናው በመታጠፊያ ላይ ከበፊቱ ይበልጥ ይጋደላል፤ ጠንካራ ሞላና አሞርዛተር ይፈለጋል። በረጅም መታጠፊያ ውስጥ የሞተሩ ዘይት ወደ አንድ ወገን ይገፋና በብዙ ሞተሮች ላይ የዘይት ፓምፑ አየር መሳብ ይጀምራል። ዘይት ያጣ ብሮንዚና ከጥቂት ሴኮንዶች በላይ አይታገሥም። ስለዚህ ዘይቱ እንዳይንሸራተት በገንዳው ውስጥ መከለያ ይሠራለታል። ጎማው ጠንክሮ ፍሬን መያዝ ስለሚፈቅድ ዲስኩና ሸራው እንደገና ይታያሉ። ለአራት ጎማ የተከፈተው ሂሳብ ሳይታሰብ ሌሎች አራትና አምስት ሂሳቦች ይከፍታል።

ቱርቦ ያስገጠመ ሰው ጉዳይ ከዚህም ይረዝማል። ራዲያተሩ፣ ፍሪሲዮኑ፣ ካምቢዮው፣ የነዳጅ ፓምፑና ሞተሩን የሚቆጣጠረው ኮምፒዩተር በየተራ ድርሻቸውን ይጠይቃሉ።

የመኪና ፋብሪካዎችም ይህን ሂሳብ ያውቁታል። የፈረንሳዩ ሬኖ እ.ኤ.አ በ2008 ሜጋን አር26.አር የተባለ ሞዴል ሲያወጣ ሞተሩን በነበረበት 230 የፈረስ ጉልበት ተወው። ይልቁንም የኋላውን ወንበር አወጣ፤ የኋላ መስታወቶቹን በፕላስቲክ፣ ኮፋኖውን በካርቦን ተካ። ክብደቱ በ123 ኪሎ ቀነሰ። መኪናው ኖርድሽላይፈን በ8 ደቂቃ ከ17 ሴኮንድ ዞሮ በወቅቱ በፊት ጎማ ከሚነዱ የፋብሪካ መኪናዎች ክብረ ወሰኑን ያዘ። ለሽያጭ የተሠራውም 450 ብቻ ነበር። የቀነሰ ክብደት ፍሬኑንም፣ ጎማውንም፣ ሞተሩንም በአንድ ጊዜ ያሳርፋል። የተጨመረ ጉልበት ግን ሁሉንም ያደክማል።

ከሜዳው በፊት ደብተሩ

መኪናው ተዘጋጀ ማለት ሥራው አለቀ ማለት አይደለም። ያልተሞከረ ለውጥ እንዳልተቆጠረ ሸቀጥ ነው።

ሙከራው የሚጀምረው መኪናው ቆሞ ሳለ ነው። የጎማ ዳዶዎች በመለኪያ መፍቻ ይጠበቃሉ፤ ባትሪው መታሰሩ፣ ዘይት አለማፍሰሱ ይታያል። ከወንበር ሥር ያለ የውሃ ጠርሙስ ሳይቀር ይወጣል፤ ተንከባልሎ ፔዳሉ ሥር ቢገባ ፍሬን መያዝ አይቻልምና። ቀጥሎ ሜዳው ላይ ጥቂት ዙሮች በመካከለኛ ፍጥነት ይነዳሉ። የመጨረሻው ዙር ፍሬን ሳይነካ በዝግታ የሚነዳ የማቀዝቀዣ ዙር ነው። መኪናው ከቆመ በኋላ የእጅ ፍሬን አይሳብም፤ የጋለ ሸራ በጋለ ዲስክ ላይ ተጣብቆ ሊያበላሸው ስለሚችል ማርሽ ውስጥ ገብቶ ጎማው ድንጋይ ይደገፍለታል። ከዚያ የጎማ ዳዶዎቹ እንደገና ይፈተሻሉ።

የጎማ ነፋስም እንደ ከተማው አይሞላም። የጎማው ሙቀት በ10 ዲግሪ በጨመረ ቁጥር ግፊቱ በ0.1 ባር ገደማ ይጨምራል። ስለዚህ ጠዋት ቀነስ ተደርጎ ይሞላና ከሜዳው ሲወጣ በትኩሱ ይለካል። የጎማው ገጽ ሙቀትም በውስጥ፣ በመሐልና በውጭ ጠርዝ ተለክቶ ይጻፋል። መሐሉ ከጋለ ነፋሱ በዝቷል፤ ሁለቱ ጠርዞች ከጋሉ አንሷል፤ የውጩ ጠርዝ ብቻ ከጋለ የጎማው አቀማመጥ በአላይመንት መስተካከል ይኖርበታል።

ከሁሉም የሚከብደው ሕግ በአንድ ጊዜ አንድ ነገር ብቻ መለወጥ ነው። ሞላውን፣ ጎማውንና ነፋሱን አንድ ላይ የለወጠ ሰው መኪናው ቢሻሻል በየትኛው እንደተሻሻለ፣ ቢበላሽም በየትኛው እንደተበላሸ አያውቅም። ደብተር ያልያዘ ነጋዴ ያተረፈበትን ዕቃ ከከሰረበት መለየት እንደማይችል ማለት ነው።

ሂሳቡ ሲዘጋ

በእንግሊዝ ተራ የመኪና ኢንሹራንስ ውል አብዛኛውን ጊዜ የፍጥነት ሜዳን አይሸፍንም። ለቀኑ ብቻ የተለየ ውል ይገዛል፤ ባለመኪናው ራሱ የሚሸፍነው የጉዳት ድርሻም ከፍ ያለ ነው። በኖርድሽላይፈ የመንገዱን የብረት አጥር የገጨ አሽከርካሪ ከራሱ መኪና ጥገና ሌላ የአጥሩንና የመጎተቻውን ዋጋ ይጠየቃል። በጀርመን በመኪናው ሰነድ ወይም እንደ እኛ አጠራር በሊብሬው ያልጸደቀ መሠረታዊ ለውጥ የመኪናውን የመንገድ ፈቃድ እስከማሳጣት ይደርሳል።

በሽያጭ ጊዜም ነገሩ ከዚህ አይሻልም። የተለወጠ መኪና ገዢው ጥቂት ነው፤ ያለውም ገዢ ለለውጡ የወጣውን ገንዘብ አይመልስም። ልምድ ያላቸው ሰዎች የፋብሪካውን ዕቃ አይጥሉም። በሽያጭ ቀን መልሰው ይገጥሙትና የሜዳውን ዕቃ ለብቻው ይሸጡታል። መኪናው ሲሸጥ አብሮ የማይሄድ ወጪ ቢኖር ለአሠልጣኝ የተከፈለው ነው። ባለቤቱ የተማረውን ወደሚቀጥለው መኪና ይዞት ይሻገራል።

ሜዳው ራሱም ይህን ትምህርት በትልቁ ገንዘብ ተምሮታል። የኑርቡርግሪንግ ባለቤት የነበረው የራይንላንድ ፋልትስ ክፍለ ግዛት ሆቴልና የመዝናኛ ማዕከል ለመጨመር 330 ሚሊዮን ዩሮ ገደማ ያወጣ ሲሆን፣ ድርጅቱ እ.ኤ.አ በ2012 ከሰረ። በ2014 የተሸጠው በ77 ሚሊዮን ዩሮ ገደማ ነው። በስፍራው የተተከለው ባለከፍተኛ ፍጥነት መጫወቻ ባቡር በ2013 ተከፍቶ በጥቂት ቀናት ውስጥ ተዘጋ። ደንበኛው ዛሬም በሩ ላይ የሚሰለፈው በ1927 ለተከፈተው መንገድ ነው።

የሜዳው በር ላይ የሚቆም ሰው ሁሉ መኪና ማዘጋጀትም አይጠበቅበትም። በኑርቡርግ መንደርና በአካባቢው ፍሬኑ፣ ጎማውና ወንበሩ የተስተካከለ መኪና የሚያከራዩ ድርጅቶች አሉ። በዓመት አንድ ወይም ሁለት ቀን ለሚነዳ ሰው ኪራዩ ያዋጣል። በየወሩ ለሚመላለሰው ግን ተራው ይህ ነው፦ መጀመሪያ የፍሬን ዘይትና ሸራ፣ ቀጥሎ አሠልጣኝ፣ ከዚያ ጎማና አላይመንት፣ ከዚያም ክብደት መቀነስ። ጉልበት መጨረሻ ይመጣል፤ እዚያ ከደረሱት ብዙዎቹም ሳያስፈልጋቸው ይቀራል።