«ጥቅሻ» ያልነው ልጅ

ከላምበረት ወደ ካራ በሚወስደው መንገድ፣ ባሕር ዛፍ ከሸፈነው ተራራ ግርጌ፣ እኛ የተማርንበት አንድ የመጀመሪያ ደረጃ ትምህርት ቤት አለ። ስሙን አንጠቅሰውም፤ የምንነግረው ነገር በየትኛውም ትምህርት ቤት ሊደርስ ይችል የነበረ ስለ ሆነ አንዱን ነጥሎ መውቀስ አይገባም። ጊዜው 2005 ዓ.ም. ነው፤ አምስተኛ ክፍል ነን። ከመካከላችን አንዱ ልጅ ዐይኖቹን ደጋግሞ ያርገበግባል፤ ትከሻውን ድንገት ነጠቅ ያደርጋል፤ ክፍሉ ጸጥ ባለ ጊዜ ደግሞ ከጉሮሮው «ህም፣ ህም» የሚል ድምፅ ያወጣል። እኛም ስም አወጣንለት፤ «ጥቅሻ» አልነው።

በጋዜጣ ላይ «እኛ» ማለት የጸሐፊ ወግ ነው። በዚህ ነገር ግን «እኛ» የምንለው ወግ ለመጠበቅ ብቻ አይደለም። በክፍሉ ውስጥ ሃምሳ ስምንት ነበርን፤ ሃምሳ ሰባታችን እንስቅ ነበር።

ልጅ ታላቁን መጥቀስ በአገራችን ምን ያህል ብልግና እንደ ሆነ አንባቢ ያውቀዋል። ስለዚህ አንዲት አስተማሪያችን በሰሌዳው ላይ ጽፈው ዘወር ባሉ ቁጥር የልጁ ዐይን ሲርገበገብ ቢያዩ የሚጠቅሳቸው መሰላቸው፤ አንበረከኩት። ተንበርክኮ ሳለ የባሰ ተርገበገበ፤ ይህም እንደ ድፍረት ተቆጠረበት። «ተው!» ሲባል ለጥቂት ደቂቃ ይተዋል። እንግዲህ ጥፋተኛነቱን በኛ ዘንድ ያረጋገጠው ይኸው ነበር። «ሲፈልግ ይተወው የለም ወይ? እንግዲያው ሆን ብሎ ነው» ብለን ፈረድን። በዕረፍት ጊዜ እየተከተልን ትከሻችንን እንደ እርሱ እናነሣ ነበር። እናቱ ወደ እንጦጦ ጠበል ይዘውት ሄዱ፤ ሁለት ሳምንት ቀርቶ ሲመለስ ተሽሎት ነበር፤ ከፋሲካ በኋላ ግን ተመለሰበት። ሰኔ ሳይደርስ ከትምህርት ቤቱ ቀረ። የት እንደ ገባ አልጠየቅንም።

የነገሩን ስም ያገኘነው ዩኒቨርስቲ ገብተን የሥነ ልቡና መጽሐፍ ስናገላብጥ ነው። ሐኪሞች የቱሬት ሕመም ይሉታል። ዦርዥ ዢል ደ ላ ቱሬት የተባለ ፈረንሳዊ ሐኪም እ.ኤ.አ. በ1885 የዘጠኝ ሕሙማንን ጠባይ መርምሮ ጻፈ፤ ሻርኮ የተባለው ታላቁ መምህሩም ሕመሙን በተማሪው ስም ጠራው። ያለ ፈቃድ የሚመጣውን እንቅስቃሴና ድምፅ ሐኪሞች «ቲክ» ይሉታል። ልጁ ከአንድ ዓይነት በላይ የሰውነት ቲክና ቢያንስ አንድ የድምፅ ቲክ ሲኖረው፣ ነገሩ 18 ዓመት ሳይሞላው ጀምሮ ከአንድ ዓመት በላይ ሲቆይ ያን ጊዜ የቱሬት ሕመም ነው ይባላል። ምንጩ እንቅስቃሴን የሚለቁና የሚይዙ የአንጎል መስመሮች አሠራር ነው፤ በዘር የመውረድ ጠባይም አለው። ብዙውን ጊዜ ከአምስት እስከ ሰባት ዓመት ባለው ዕድሜ ይጀምራል፤ ከአሥር እስከ አሥራ ሁለት ይበረታል፤ ወደ ጉልምስና ሲደርሱ ለብዙዎቹ ይቀንሳል። ከሴቶች ይልቅ በወንዶች ላይ ይበዛል። በልዩ ልዩ አገሮች የተደረጉት ጥናቶች ከ1000 የትምህርት ቤት ልጆች መካከል ከ3 እስከ 9 የሚሆኑት እንዳለባቸው ያሳያሉ። ይህ ግምት ለኛም ከሠራ፣ ሁለት ሺሕ ተማሪ ባለው ትምህርት ቤት ከስድስት የማያንሱ «ጥቅሻዎች» አሉ ማለት ነው።

ሕመሙ ይመጣል፣ ይሄዳል፣ መልኩንም ይለውጣል። ዛሬ ዐይን ያርገበገበ ከወር በኋላ አንገት ይነቀንቃል። ሲደክሙ፣ ሲጨነቁ ወይም እጅግ ደስ ሲላቸው ይብሳል፤ ኳስ ወይም ዘፈን ልቡናቸውን ሲወስደው ደግሞ ጋብ ይላል። ባልንጀራችን ለሁለት ሳምንት የተሻለውና መልሶ ያገረሸበት ከዚህ ጠባይ ጋር የሚስማማ ነው። ይህን ስንል በጠበል ላይ ነገር ለመናገር አይደለም፤ እናት ለልጇ መሄድ ያለባት ቦታ ሁሉ ትሂድ። ነገር ግን ወደ ሐኪምም መሄድ ያስፈልጋል፤ ይልቁንም በኛ አገር። የጉሮሮ ሕመም ሳይታከም ቀርቶ በሚያስከትለው የሩማቲክ ትኩሳት ምክንያት እጅና እግራቸው የሚወራጭ ልጆች አሉ፤ ይህ ቱሬት ሳይሆን ልብን ሊጎዳ የሚችል ሌላ በሽታ ነው፤ የሚለየውም ሐኪም ብቻ ነው። ለኮተቤ ሰው ሩቅ አይደለም፤ በ2012 ዓ.ም. የኮሮና ሕሙማንን በመቀበል ስሙ የታወቀው የኤካ ኮተቤ ሆስፒታል በደጁ ነው።

«ሲፈልግ ይተወዋል» ስላልነው ነገር ጥቂት እንጨምር፤ የተሳሳትን እኛ ብቻ አልነበርንምና። ሳሙኤል ጆንሰን የተባለውን እንግሊዛዊ ደራሲ የኢትዮጵያ ተማሪ ሊያውቀው ይገባል። በሱስንዮስ ዘመን አገራችን የነበረውን የፖርቱጋላዊውን የሎቦን የጉዞ መጽሐፍ እ.ኤ.አ. በ1735 ወደ እንግሊዝኛ የተረጎመ፣ በ1759ም ኢትዮጵያን በዐይኑ ሳያይ የኢትዮጵያን ልዑል የራሴላስን ታሪክ የደረሰ እርሱ ነው፤ ድርሰቱንም በኋላ ስራክ ኅሩይ ወደ አማርኛ መልሰውታል። ይህ ሰው ራሱን ይነቀንቅ፣ ሰውነቱን ያወዛውዝ፣ ለብቻው ያጉተመትም፣ በምላሱ ድምፅ ያሰማ፣ በመንገድ ሲሄድ ምሰሶዎችን እየነካ ያልፍ ነበር። ብዙ የዛሬ ሐኪሞች የቱሬት ሕመም እንደ ነበረበት ያምናሉ። በዚያው በ1735 አስተማሪ ለመሆን ቢጠይቅ፣ ፊቱን ሲያጣምም የሚያዩት ልጆች ይለምዱበታል ተብሎ ተከለከለ። የራሱን ትምህርት ቤት ቢከፍትም ጥቂት ተማሪ ብቻ መጣለት፤ ብዙም ሳይቆይ ተዘጋ። ከነዚያ ጥቂቶች አንዱ፣ በኋላ የእንግሊዝ ዝነኛ የቴአትር ተጫዋች የሆነው ጋሪክ፣ ታላላቅ ሰዎችን ሲያስቅ የኖረው መምህሩን እያስመሰለ ነው። እኛም በግቢያችን ያደረግነው ይኸንኑ ነው፤ ልዩነቱ ጋሪክ ችሎታ ነበረው።

ሠዓሊው ሬይኖልድስ ደግሞ ጆንሰን ዝም ብሎ ተቀመጥ ሲባል መቀመጥ ስለሚችል ሕመም አይደለም፣ ልማድ ነው ብሎ ጻፈ። ከሁሉ የሚያሳዝነው ግን ጆንሰን ራሱ ይህንኑ ማመኑ ነው። አንዲት ትንሽ ልጅ ለምን እንዲህ እንደሚያደርግ ብትጠይቀው፣ ከክፉ ልማድ የመጣ ነው ብሎ፣ አንቺ ከክፉ ልማድ ተጠበቂ ብሎ መከራት። ጠያቂዋ በየዋህነት ጠየቀች፤ እውነቱን የሚነግራት ሰው በምድር ላይ ገና አልነበረም። ዛሬ አለ።

እንግዲህ ለልጆች እንዴት ይነገራል? በወሬ ከመጻፍ ይሻላል ብለን ባለፈው እሑድ በግቢያችን ሞከርነው። የወንድሞቻችንንና የጎረቤት ልጆችን፣ ሰባት ይሆናሉ፣ በአግዳሚ ላይ አስቀመጥናቸው። ለእያንዳንዱ መጽሐፍ ሰጥተን፣ «ስድሳ እስክንቆጥር ዐይናችሁን ሳታርገበግቡ አንብቡ» አልን። ሠላሳ ሳንደርስ እንባቸው ይወርድ ጀመር፤ ስድሳ የደረሰው አንድ ብቻ ነው። «ምን አነበብክ?» ስንለው፣ «ዐይኔን ስጠብቅ መቼ አነበብኩት!» አለን። ከዚያ ደግሞ አንድ ገጽ እንዲገለብጡ አዘዝን፤ ባጨበጨብን ቁጥር ትከሻቸውን አንሥተው የመጨረሻውን ቃል መሰረዝ አለባቸው። አሥር ጊዜ አጨበጨብን። ደብተሩ ሁሉ ጠቆረ፤ አንዲቷ እርሳሷን ወርውራ አለቀሰች። የባልንጀራችንን ነገር የነገርናቸው ያን ጊዜ ነው።

ጥያቄያቸው ብዙ ነበር። «ይጋባል?» አይጋባም። «ያማል?» አንዳንዴ ጡንቻ ያማል፤ ሳይመጣ በፊት ደግሞ እንደ ማሳከክ ያለ ስሜት አለ፤ ጥቂት ይቻላል፤ ብዙ አይቻልም። «ይሳደባሉ ይባላል እኮ!» አለ አንዱ በስልክ ቪዲዮ ያየ። ያለ ፈቃዱ ጸያፍ ቃል የሚያመልጠው ከአሥሩ የአንዱ ያህል ነው፤ እርሱም የሚናገረው አንተን ለመስደብ አይደለም አልነው። ስምንት ዓመት የሚሆናት ትንሿ ግን ያላሰብነውን ጠየቀችን፤ «ሰው ሲያስነጥስ ይማርህ ይባላል። ለዚህስ ምን ይባላል?» አለች። ጥቂት አሰብንና፣ «ምንም አይባልም፤ ወሬያችሁን ትቀጥላላችሁ» አልናት። በዩኒቨርስቲ ቆይታችን ከዚህ የሚበልጥ ጥያቄ ብዙ አላጋጠመንም።

በትምህርት ቤት ግን እንዲህ ያለውን ነገር ልጁና ወላጆቹ ሳይፈቅዱ መጀመር አይገባም። አንዳንዱ ልጅ ራሱ ቆሞ መናገር ይወዳል፤ አንዳንዱ ደግሞ እርሱ በሌለበት ቢነገር ይመርጣል። ምርጫው የልጁ ነው። አስተማሪውም ካስረዳ በኋላ ራሱ ምሳሌ መሆን አለበት፤ «ተው» እያለ ልጆቹ እንዲተዉት ቢመክር ማን ይሰማዋል? ሲበረታበት ወጣ ብሎ እንዲመለስ መፍቀድ ገንዘብ አይጠይቅም። ሕክምናም አለ፤ መድኃኒት አለ፣ ቲኩ ሊመጣ ሲል የሚቃወመውን ሌላ እንቅስቃሴ የሚያለማምድ ትምህርትም አለ። እ.ኤ.አ. በ2010 በአሜሪካ የወጣ አንድ ጥናት ከ9 እስከ 17 ዓመት የሆኑ 126 ልጆችን ለ10 ሳምንት ተከታትሎ፣ ይህን ከተማሩት ከመቶ 53 ያህሉ፣ ምክርና ማስረጃ ብቻ ካገኙት ግን 19 ያህሉ በጉልህ እንደ ተሻላቸው አሳይቷል። በኮተቤ ትምህርት ዩኒቨርስቲ መምህርነትን የምትማሩ አንባብያን ይህን ከመመረቃችሁ በፊት ብታነቡት መልካም ነው።

በመንግሥት ቢሮ ለምትሠሩት ወጣቶች ደግሞ አንድ ነገር አለን። ጸጥ ባለ የፈተና አዳራሽ ውስጥ «ህም» የሚል ልጅ ምን ይደርስበታል? ፈታኙ እንደ ምልክት ይቆጥርበታል፣ ጎረቤቱ ይቆጣል፣ እርሱም ድምፁን ለመያዝ ሲታገል ልክ እንደዚያ መጽሐፍ እንደ ያዘው ልጅ ጥያቄውን ሳያነብ ሰዓቱ ያልቃል። የአሥራ ሁለተኛ ክፍል ፈተና ከ2015 ዓ.ም. መጀመሪያ አንሥቶ በዩኒቨርስቲዎች ይሰጥ ጀመር፤ ተፈታኙም ከማያውቁት ፈታኞች ፊት ይቀመጣል። ለእንዲህ ያለው ተማሪ አንዲት ትንሽ ክፍልና አንድ ተጨማሪ ፈታኝ ማዘጋጀት ምን ያህል ከባድ ነው? የሐኪም ወረቀት ይዞ የመጣ እናት ወይም አባት በጠረጴዛችሁ ፊት ሲቆሙ «ይህ በመመሪያው የለም» ብላችሁ አትመልሷቸው።

ልጆቹ ከአግዳሚው ሲነሡ ያቺ ትንሿ ወደ ኋላ ቀረችና፣ «ጋሼ፣ ያ ልጅስ? ይቅርታ ስትሉት ምን አላችሁ?» አለችን።

ይቅርታ እንዳላልነው ነገርናት። «ለምን?» አለች። ቤቱን አናውቀውም አልናት። «ስሙንስ?»

ስሙን ለማስታወስ ብዙ ጊዜ ፈጀብን።